ጀልባው ወፍ ካላየ አይጠጋ

አንድ ጊዜ ብቻ የቀመስነው ፍርሃት ለምን ዕድሜ ልካችንን አብሮን ይኖራል? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ይዤው ገባሁ፣ ይዤው ወጣሁ። እዚያ ስለ ውሻና ስለ ደወል አስተምረውኛል፤ ደወሉ ይደወላል፣ ሥጋው ይመጣል፣ ውሎ አድሮ ውሻው ገና ደወሉን ሲሰማ ለሃጩ ይዝረበረባል። ፈተናውን አለፍኩ። ጥያቄው ግን እንዳለ ቀረ። እስኪ የአንድ ጧት ነገር ልንገራችሁ፤ ሲረዝምባችሁ እናንተም አብራችሁኝ በሉት።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት ትንሽ ፍላጎት ነው። እህቴ አዜብ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች አምስተኛ ቀኗ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልቀምስ ብላለች። ገንፎውን ገፋች፣ አጥሚቱን ገፋች፣ ሻዩን እንኳን ገፋች። ጡቷ ወተት አልያዘም፣ ልጅቷም ታለቅሳለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ አየቻትና፣ "የፈለገችውን ስጧት፣ ብቻ ትቅመስ" ብላ ሄደች። ያን ዕለት ጧት አዜብ ዓይኗን ገለጠች።

"ረድኤት" አለችኝ፣ "ትኩስ የዓሣ ሾርባ ብታመጪልኝ እጠጣ ነበር።"

እማዬ ልጅቷን እንዳቀፈች ከተቀመጠችበት ተነሳች። "ሰምተሻል? እጠጣለሁ አለች እኮ! ምን ቆመሽ ታያለሽ? ሩጪ!"

ድስት አንጠልጥዬ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሮጥኩ።

ሐይቁ የለም። ጉም ውጦታል። ከጉሙ ውስጥ ግን መቅዘፊያ ውኃውን ሲመታ ይሰማል፤ ዓሣ አስጋሪው ጋሽ ቡሪሶ ናቸው። እኔ ጮክ ብሎ መናገር አይሆንልኝም፤ ቢሆንም አፌን በእጄ ከብቤ ተጣራሁ።

"ጋሽ ቡሪሶ! ዓሣ ይዘዋል?"

"ጀልባው ሞልቷል!"

"ታዲያ ለምን ወደ ዳር አይጠጉም?"

"ወፎቹ የታሉ? ወፍ ከዳሩ በላይ ሰማይ ላይ ሲዞር ካላየሁ አልጠጋም። አንድ ቀን በጉም ውስጥ በግምት ልጠጋ ብዬ ጉማሬ ጀርባ ላይ ወጥቻለሁ። አንቺ ጉማሬ ጀርባ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ዝም በይ!"

"ድምፄን ተከትለው ይምጡ!"

"ያንቺን ድምፅ? የትንኝ ድምፅ እኮ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ማን ያውቀዋል!"

እንግዲህ ጀልባው ወፍ ካላየ አይጠጋ፣ ጀልባው ካልተጠጋ ዓሣ የለ፣ ዓሣ ከሌለ ሾርባ የለ፣ ሾርባ ከሌለ አዜብ አትቀምስ።

ወደ ሾላው ዛፍ ዞርኩ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትላልቅ ወፎች፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ቅርንጫፉ ላይ ተደርድረዋል፤ ጡረታ ለመቀበል ወረፋ የያዙ ሽማግሌዎች ይመስላሉ።

"እሽ! ተነሱ!" አልኳቸው። ድስቱን በጠጠር መታሁት። ነጠላዬን አራገብኩ። አንዱም ላባውን አላንቀሳቀሰም።

"በከንቱ ነው የምትለፊው" አለ ከኋላዬ አንድ ሰው። ዱካሞ ነው፤ ዳር ላይ ባለችው የእንጨት ጠረጴዛ ዓሣ እየሰነጠቀ የሚያጸዳው። "ቢላዬ ከሞረዱ ጋር ሲፋጭ ካልሰሙ አይነሱም። ቢላ ከተፋጨ የዓሣ ሆድ ዕቃ እንደሚወረወር ያውቃሉ። ያ ትልቁ ይነሳል፤ ሌሎቹ እሱን አይተው ይነሳሉ። ትናንሾቹማ ቢላውን ልብም አይሉት።"

ውሻውና ደወሉ ትዝ አሉኝ። ግን ጊዜው የፈተና አልነበረም።

እንግዲህ ወፎቹ ቢላ ካልሰሙ አይነሱ፣ ወፎቹ ካልተነሱ ጀልባው አይጠጋ፣ ጀልባው ካልተጠጋ ዓሣ የለ፣ ዓሣ ከሌለ ሾርባ የለ፣ ሾርባ ከሌለ አዜብ አትቀምስ።

"ታዲያ ዱካሞ፣ ሞርድልኛ!"

"አልሞርድም።"

"ለምን?"

"ዓሣ ጠባሾቹ ሴቶች ሳፋቸውን ይዘው ሲመጡ ካላየሁ አልሞርድም። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ሞረድኩ። ወፎቹ መጡ፣ ዓሣ የለም። ቆቤን ነጥቀው ሄዱ። ያ ትልቁ ደግሞ ተመልሶ ጭንቅላቴን ሊሞክረው ነበር!"

"እንግዲያው ቢላውን አውሰኝ።"

እየሳቀ አቀበለኝ። ቢላውን ሞረዱ ላይ አስኬድኩት፤ ጢቅ የምትል ድምፅ ወጣች። ትልቁ አባ ኮዳ አንድ ዓይኑን ከፈተ፣ አየኝ፣ መልሶ ጨፈነ።

"እጅሽን አያውቀውም" አለ ዱካሞ።

እንግዲህ ዱካሞ ሳፋ ካላየ አይሞርድ፣ ዱካሞ ካልሞረደ ወፎቹ አይነሱ፣ ወፎቹ ካልተነሱ ጀልባው አይጠጋ፣ ጀልባው ካልተጠጋ ዓሣ የለ፣ ዓሣ ከሌለ ሾርባ የለ፣ ሾርባ ከሌለ አዜብ አትቀምስ።

ዳገቱን ወጥቼ ዓሣ ጠባሾቹ ሴቶች ሰፈር ደረስኩ። እትዬ አስካለ ሳፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ቶሎ ይውረዱልኝ። አዜብ የዓሣ ሾርባ እጠጣለሁ ብላለች።"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ። አልተነሱም ግን። "የአባትሽ ጋሪ ቃጭል ሲያቃጭል ካልሰማሁ አልወጣም። በክረምቱ አንድ ቀን ሳልሰማ ወጥቼ ምን ሆንኩ? ጀልባ የለ፣ ሰው የለ፣ ዝናቡ ወረደብኝ። ሳፋዬን ሙሉ ውኃ ተሸክሜ ገባሁ። ባሌ 'ዓሣው የት ዋኝቶ ሄደ?' እያለ እስካሁን ይስቅብኛል።"

ከጎናቸው ባሉት በሮች ሌሎቹ ሴቶችም ሳፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"እናንተስ?" አልኳቸው።

"እኛ እትዬ አስካለ ሲወጡ እንወጣለን" አለች አንዷ።

"እናንተንም ዝናቡ መትቷችኋል?"

"ኧረ የለም! እሳቸውን ነው የመታቸው። እኛ በመስኮት አየናቸው።"

እንግዲህ ሴቶቹ ቃጭል ካልሰሙ አይወጡ፣ ሴቶቹ ካልወጡ ዱካሞ አይሞርድ፣ ዱካሞ ካልሞረደ ወፎቹ አይነሱ፣ ወፎቹ ካልተነሱ ጀልባው አይጠጋ፣ ጀልባው ካልተጠጋ ዓሣ የለ፣ ዓሣ ከሌለ ሾርባ የለ፣ ሾርባ ከሌለ አዜብ አትቀምስ።

ትንፋሼ እየተቆራረጠ ቤት ደረስኩ። አባዬ፣ ሰፈሩ ጋሽ ሹሜ የሚለው፣ ባለጋሪ ነው፤ በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ መሆን ነበረበት። እሱ ግን ግቢው በር ላይ ፈረሳችንን ፊት ለፊት ገጥሞ ቆሟል። ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ጋሪው ተጠምዷል፣ ቃጭሉ አንገቱ ላይ አለ፣ ቦራ ግን አራት እግሩን እንደ አጥር እንጨት ተክሏል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩ።

"ፉጨት ይፈልጋል" አለ አባዬ። ቦራን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው በፉጨት ነው፤ ያፏጫል፣ ቦራ ይራመዳል፣ እፍኝ ገብስ ይሰጠዋል። በኋላ ገብሱ ቀረ፣ ፉጨቱ ቆየ። ጅራፍ ነክቶት አያውቅም።

"ታዲያ አታፏጭለትም?"

አባዬ አፉን ከፍቶ አሳየኝ። ትናንት ሁለት የፊት ጥርሶቹን ተነቅሏል። ከንፈሩን አሞጠሞጠና ሞከረ። "ፍፍፍ" የሚል ነፋስ ብቻ ወጣ። ቦራ ፊቱ ላይ የተረጨበትን ምራቅ በጆሮው አራገፈ።

"ገብስ አሳየሁት፣ በልጓም ሳብኩት፣ ከኋላ ገፋሁት" አለ አባዬ። "እንኳን ሊሄድ፣ ይባስ ብሎ ተደገፈብኝ።"

ቃጭሉን ፈትቼ እያቃጨልኩ ልሩጥ ብዬ አንገቱ ሥር ገባሁ። አይፈታም፤ ከአንገቱ ጠፍር ጋር ተሰፍቷል።

እንግዲህ አባዬ ጥርስ ከሌለው አያፏጭ፣ ፉጨት ካልሰማ ቦራ አይሄድ፣ ቦራ ካልሄደ ቃጭሉ አይጮኽ፣ ቃጭል ካልሰሙ ሴቶቹ አይወጡ፣ ሴቶቹ ካልወጡ ዱካሞ አይሞርድ፣ ዱካሞ ካልሞረደ ወፎቹ አይነሱ፣ ወፎቹ ካልተነሱ ጀልባው አይጠጋ፣ ጀልባው ካልተጠጋ ዓሣ የለ፣ ዓሣ ከሌለ ሾርባ የለ፣ ሾርባ ከሌለ አዜብ አትቀምስ።

ከውስጥ ልጅቷ አለቀሰች። እማዬ አቅፋት ወደ በሩ ወጣች። "ሾርባው የታለ? ገና ከዚህ አልተንቀሳቀሳችሁም? አዜብ መልሳ ዓይኗን ልትከድን ነው!"

አባዬ እኔን አየኝ።

"አንቺ ትችያለሽ" አለ።

"ምኑን?"

"ሰምቼሻለሁ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ፣ ከአጥሩ ኋላ።"

ደነገጥኩ። እውነቱን ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቦራ ገና ውርንጭላ ነው። አባዬ ሲያለማምደው በየቀኑ ከአጥሩ ኋላ ቁጭ ብዬ ከንፈሩን አየው ነበር። ማንም አላስተማረኝም። አንድ ቀን የኔም ከንፈር እንደሱ ሞጠሞጠና ያው ፉጨት ወጣ፤ ውርንጭላው ዘልሎ ወደ እኔ መጣ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እማዬም ከጓሮ መጣችና በሁለት ጣቷ አፌን ቸብ አደረገችኝ። "ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ? ጎረቤት ምን ይላል?" አላመመኝም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማፏጨት ባማረኝ ቁጥር ከፉጨቱ በፊት ሁለቱ ጣቶቿ ይመጡብኛል፣ ከንፈሬ ይደርቃል። ከፉጨት አልፎ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣትም፣ ጮክ ብሎ መናገርም እንደዚያው ያደርቀኝ ጀመር።

እንግዲህ እኔ እማዬን እያየሁ አላፏጭ፣ አባዬ ጥርስ ከሌለው አያፏጭ፣ ፉጨት ካልሰማ ቦራ አይሄድ፣ ቦራ ካልሄደ ቃጭሉ አይጮኽ፣ ቃጭል ካልሰሙ ሴቶቹ አይወጡ፣ ሴቶቹ ካልወጡ ዱካሞ አይሞርድ፣ ዱካሞ ካልሞረደ ወፎቹ አይነሱ፣ ወፎቹ ካልተነሱ ጀልባው አይጠጋ፣ ጀልባው ካልተጠጋ ዓሣ የለ፣ ዓሣ ከሌለ ሾርባ የለ፣ ሾርባ ከሌለ አዜብ አትቀምስ።

"እኔን ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?" አለች እማዬ።

"መትተሽኛላ" አልኳት።

"መቼ?"

"ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ። ሳፏጭ። በሁለት ጣትሽ።"

እማዬ ልጅቷን በሌላ ትከሻዋ አደረገቻትና አሰበች። "እንጃ" አለች፣ "አላስታውሰውም።"

አሥራ አራት ዓመት የተሸከምኩትን እሷ አታስታውሰውም!

"ግን ሳላደርገው አልቀርም" አለች ቀጥላ። "እናቴ እህቴን ስትመታት አይቻለሁ፤ ለፉጨት። እኔን አልመታችኝም፣ ማየቱ በቃኝ። አፏጭቼም አላውቅ።"

"ለምንድን ነው የተከለከለው?"

"እኔ ምን አውቄ! እናቴን አልጠየቅኳት፣ እሷም እናቷን የጠየቀች አይመስለኝም።" ልጅቷ ጮኸች። እማዬም ጮኸች፦ "አሁን ይህ የጥያቄ ሰዓት ነው? አፏጪ እንጂ! ጎረቤት የፈለገውን ይበል፣ ልጄ በረሃብ ልታልቅብኝ ነው!"

ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ። ነፋስ ወጣ። ሁለቱ ጣቶች መጡብኝ፤ ግን የእማዬ ሁለቱም እጆች ልጅቷ ላይ ነበሩ፣ አየኋቸው። ቦራ አንድ ጆሮውን አዞረ።

"ከንፈርሽን አርጥቢው" አለ አባዬ። "አትቸኩይ።"

አረጠብኩት። ተነፈስኩ። መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ፣ ቀጥሎ ረዘም ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ እያለ ያ የድሮው ፉጨት ወጣ።

ቦራ ሄደ! ማንም ጋሪው ላይ ሳይወጣ፣ ማንንም ሳይጠብቅ ሄደ። አባዬ "ቆይ! ቆይ እንጂ!" እያለ ከኋላው ሮጠ፤ ቦራ ግን "ቆይ" በሚል ቃል አልሠለጠነም። እኔ ከጎኑ እየሮጥኩ አፏጫለሁ፣ እሱ ይጋልባል፣ ቃጭሉ ያቃጭላል።

ቃጭሉ ጮኸ፣ እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። እትዬ አስካለ ተነሱ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተነሳ። "ጋሽ ሹሜ ዛሬ ምን በልተው ነው እንዲህ የሚያፏጩት!" እያሉ ወደ መንገዱ ወጡ። ከዚያ አባዬን ከኋላ ሲያለከልክ አዩት። እኔን ከፊት አዩኝ። ሁሉም ወደ እትዬ አስካለ ፊት ዞረው ጠበቁ። እኔም ፉጨቴን አቁሜ ጠበቅሁ፤ ቦራም ቆመ። ከንፈሬ እንደገና መድረቅ ጀመረ።

እትዬ አስካለ ወገባቸውን ያዙ። "አንቺ ነሽ የምታፏጪው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እስካሁን ለምን አስቀመጥሽን? ጭኔ እኮ ደነዘዘ!"

እሳቸው ሳቁ። ሌሎቹም ሳቃቸውን አይተው ሳቁ። ሳፋውን ጋሪው ላይ ጭነን ቁልቁል ወረድን።

ሳፋው መጣ፣ ዱካሞ ሞረደ። ዱካሞ ሞረደ፣ ትልቁ አባ ኮዳ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፈተ። ትልቁ ተነሳ፣ ሌሎቹ ተከትለውት ተነሱ፣ ከጉሙ በላይ ሰፊ ክብ ሠርተው ዞሩ።

"አየኋቸው!" አሉ ጋሽ ቡሪሶ ከውስጥ። "እሰይ፣ አየኋቸው!"

ጀልባው ተጠጋ፣ ዓሣው ወረደ። ጋሽ ቡሪሶ ከሁሉ ትልቁን መርጠው ድስቴ ውስጥ አደረጉልኝ፤ ጅራቱ ውጭ ቀረ። "ያቺ ትንኝ አንቺ ነሽ?" አሉኝ። "ፉጨትሽ እኮ እዚያ ድረስ ተሰምቶኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ከመናገር አፏጪ።"

ዓሣው መጣ፣ ሾርባው ፈላ። አዜብ ቀና አለች። አንድ ማንኪያ ቀመሰች። እማዬ ትንፋሿን ይዛ ታያታለች፣ አባዬ በር ላይ ቆሞ ያያል፣ እኔ ሳህኑን ከአገጯ ሥር ይዤላታለሁ። ሁለተኛ ቀመሰች። ሦስተኛውን ከኔ ሳትጠብቅ ሳህኑን ራሷ ተቀብላ ወደ አፏ አጋደለችው፣ ጨረሰችውና "ሌላ የለም?" አለች።

እማዬ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "ለምን ታለቅሻለሽ?" ብንላት፣ "እኔ እንጃ፣ ተዉኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው" አለች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ልጅቷ ጡት ይዛ፣ የወተት ጠብታ በጉንጯ እየወረደ ዝም አለች። ልጅቷ ከተወለደች ወዲህ ቤቱ እንደዚያ ጸጥ ሲል የመጀመሪያው ነበር።

የአባዬ ጥርስ እስኪሠራ አንድ ወር ይፈጃል ተባለ። ስለዚህ በማግሥቱም ጋሪው ላይ ወጣሁ፣ በሦስተኛውም ቀን ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን በጠባሾቹ ሰፈር ሳልፍ፣ በየደጃፉ ትንንሽ ልጃገረዶች ቆመው አየሁ። አንዷም ቃጭሉን አታይም። ሁሉም የሚያዩት ከንፈሬን ነው። አንዷ፣ ምናልባት ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ የራሷን ከንፈር አሞጥሙጣ ነፋስ ታወጣለች።

ሳያቸው መጀመሪያ የመጣልኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ማድረግ ነበር። እጄ እስከ ትከሻዬ ድረስ ሄዷል። ከዚያው መለስኩት። የአባዬ ጥርስ ቢሠራም ባይሠራም ጋሪውን ጧት ጧት እኔ ልነዳው ወሰንኩ፤ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ደግሞ፣ አፌን ሳልሸፍን፣ ልጓሙን ሳብ አድርጌ፣ በደንብ እንዲያዩኝ ቀስ ብዬ ላልፍ።